የሲሃም ላፕቶፕና የሙሀባ ምላስ

ሙሀባ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከደሴ መንገድ ዳር፣ ፓፓያና ሎሚ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። አውቶቡስ ሲቆም ፓፓያውን በመስኮት ታቀብላለች፣ ወሬውን በመስኮት ትቀበላለች። ጣርማ በር ላይ የማን መኪና እንደተበላሸ፣ አጣዬ ላይ ማን ሚስቱን እንደፈታ፣ ባለጉዳዩ ቤቱ ሳይገባ እሷ ዘንድ ደርሷል። አንድ ወሬ ብቻ አመለጣት። እሱም የገዛ ቤቷ ወሬ ነበር። መቼስ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጇ የካሚል ልጅ ሲሃም አሥራ ሁለተኛን በደህና ነጥብ አልፋ፣ በሁለት ሺህ ሰባት መስከረም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፣ ያውም ኢንጂነሪንግ። ካሚል ከደስታው ብዛት የዘንድሮውን ማሾ ሸጦ ላፕቶፕ ሊገዛላት ቃል ገባ። ካሚል ግን ያለ "ግን" ነገር የሚሰጥ ሰው አይደለም።

"ጌም ልትጫወችበት ከሆነ ግን አንዲት ሳንቲም አላወጣም፣ ወላሂ!" አለ እራት ላይ። "የከቢርን ልጅ አላየሽም? ላፕቶፕ አንጠልጥሎ ሄደ፣ ሌት ተቀን ጌም ሲያሳድድ በመንፈቁ ተባርሮ መጣ። ይኸው ባጃጅ ይነዳል።"

"ሰማሁ አባ" አለች ሲሃም፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ።

ያን ጊዜ ሙሀባ የልጅቱን ፊት ማየት ነበረባት። አላየችም። የከቢር ልጅ ወሬ ጥሟት፣ ካሚል ያልሰማውን እየጨመረችለት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ማሽላዋን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። ሳፊያም እዚያ ነበረች። ሙሀባና ሳፊያ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ይስቃሉ፣ አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ። መሀላቸው ግን አንድ እሾህ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ሙሀባ "የሳፊያ ልጅ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ስትስቅ አየኋት" ብላ ጣል አደረገች። ሹፌሩ የሥጋ ዘመዷ ሆኖ ተገኘ። እስኪጣራ ድረስ ግን የልጅቱ ኒካ ለመፍረስ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። ሳፊያ ያኔ አልተሳደበችም፣ አልከሰሰችም፣ ምንም አላለችም። ሙሀባን ሲያሳክካት የኖረው ይኸው ምንም አለማለቷ ነው።

"ትናንት ግርማ ፎቶ ኮፒ ቤት አንዲት ልጅ አየሁ" አለች ሳፊያ፣ ድምጿን ከወፍጮው በላይ አድርጋ። "ከወንዶች ጋር ኮምፒውተር ላይ ኳስ ትጫወታለች። 'ጎል!' ብላ ስትጮህ በመንገድ የሚያልፍ አህያ ደንብሮ ጭነቱን ጣለ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሙሀባ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች። "አይ የዘንድሮ ልጅ! አሳዳጊ የላትም? አያት እንኳ የላትም? እኔ ብሆን ምላሷን ቆንጥጬ፣ በዚያው ባል ፈልጌ ነበር የምሸኛት!"

ማንም አልሳቀም። አንዷ ጆንያዋን ታስር ጀመር፣ ሌላዋ ዱቄቷን ትዳስስ ጀመር። ሳፊያ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሙሀባ ያን ጊዜ ገባት። ክረምቱን ሙሉ ግርማ ዘንድ ጽሑፍ ስትተይብ የከረመች ልጅ አንዲት ናት፤ የገዛ ልጇ ልጅ ሲሃም።

"ማሽላዬ ይቆየኝ" ብላ ወጣች። በዚያ ፀሐይ ባጃጅ እንኳ አልያዘችም።

ግርማ ቤት ሲሃም ግርማ የሚሸጣቸውን ሁለት ላፕቶፖች ፊቷ አስቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። አንዷ ስስ ናት፣ አንዷ ወፍራም።

"ደህና መጡ እትዬ ሙሀባ" አለ ግርማ። "እስቲ እርስዎ ያማርጡን። ካሚል ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊከፍል ይመጣል። ዋጋቸው እኩል ነው። ስሷ አዲስ ናት፣ ቀላል ናት፣ ባትሪዋ ግማሽ ቀን ይቆያል። ግን ለጽሑፍ ነው እንጂ ከበድ ያለ ነገር ሲጭኑባት ትንቀራፈፋለች። ወፍራሟ ያገለገለች ናት፤ ባትሪዋ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ግን ራሟ ስምንት ጊጋ ነው፣ የራሷ ግራፊክስ ካርድ አላት፤ የኢንጂነሪንግ ሥዕል ቢሠሩባት አትደክምም።"

"ደህና ከሆነች ባለቤቷ ለምን ሸጣት? የምትታለብ ላም ገበያ ስትወጣ አላየሁም።"

"ተመርቆ ሥራ ያዘ፣ እትዬ። አልፈለጋትም።"

ሙሀባ እጇን ወፍራሟ ላይ አሳረፈች። ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ትፋጃለች፤ ከጎኗ ትንፋሽ ታወጣለች። "ይቺማ ታማለች!"

"ስትሠራ ነው የምትሞቀው" አለ ግርማ፤ ደንበኛ ጠርቶት ወደ ማሽኑ ሄደ።

ሙሀባ ወደ ልጅቱ ዞረች። "ጎል ያልሽው አንቺ ነሽ?"

ሲሃም ቀላች። ግን አልካደችም። "እኔ ነኝ። እማማ፣ አልዋሽሽም፤ ወፍራሟ ለትምህርቱም ትሻለኛለች። እኔ ግን መጀመሪያ የወደድኳት ለጌሙ ነው።"

"ምኑ ነው የሚጥምሽ?"

ልጅቱ አሰበች። "ስጫወት ማንም 'የማን ልጅ ነሽ' አይለኝም። ብሸነፍም እኔ ነኝ፣ ባሸንፍም እኔ።"

ሙሀባም በልጅነቷ ገበጣ ትወድ ነበር፤ ወንዶቹን ሁሉ ባዶ እጃቸውን ነበር የምትሰዳቸው። አንድ ቀን አባቷ መጣ፣ ጉድጓዶቹን በእግሩ ደፈናቸውና "ሴት ልጅ!" ብሎ ብቻ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጠጠር አልያዘችም። ከዚያ ወዲህ የምትጫወተው በሰው ስም ነው። እንዲህ አድርጋ አስባው አታውቅም ነበር፣ እስከዚያች ቀን።

"እስቲ አሳዪኝ" አለች።

ሲሃም ጣቷን ይዛ ቁልፉ ላይ አስቀመጠችላት። ሙሀባ ሦስቴ ኳሱን ለጠላት ሰጠች፣ አንዴ ደግሞ የገዛ ተጫዋቿን ጠልፋ ጣለች። በአምስተኛው እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ኳሱ መረብ ውስጥ ተገኘ። "ጎል!" ብላ ስትጮህ ግርማ ወረቀቱን ጣለ።

መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ሳቋ ጠፋ። የሳፊያ ወሬ እስከ ዓርብ ካሚል ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ያኔ ላፕቶፕም የለ፤ የካሚልን ቁጣ ለሚያውቅ፣ ጅማም ላይኖር ይችላል። ወሬን ደግሞ በእጅ አይከድኑትም። ይህን ከሙሀባ በላይ የሚያውቅ የለም። ወሬን የሚውጠው ከሱ የወፈረ ወሬ ነው።

ሐሙስ ማሽላዋን ልታነሳ ወፍጮ ቤት ተመለሰች። ሳፊያ የለችም።

"ያቺ ጎል ባይ እኔ ነኝ እኮ" አለች ቁጭ እያለች። "ሳፊያ ከኋላ አይታኝ ልጅ መሰልኳት። አልፈርድባትም፣ ወገቤ እንደሁ አሁንም የኮረዳ ነው!"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወሬው ከወፍጮ ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ባጃጅ ተራ ሄደ። ማታ ካሚል ጆሮ ሲደርስ አህያው ሞቷል፤ ሙሀባም አምስት ለዜሮ አሸንፋለች።

"እማዬ፣ ምን ጉድ ነው የምሰማው?" አለ ካሚል በሩ ላይ ቆሞ። "የከቢር ልጅ በመንገድ አስቁሞኝ 'እናትህ ለማን ነው የሚጫወቱት' አለኝ!"

"ተጫውቻለሁ።"

"ወላሂ በይ!"

"ወላሂ ተጫውቻለሁ። ወላሂ ጎል ብያለሁ።" ይህን ያህሉ እውነት ነው፤ አላህ ያውቃል።

ካሚል ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። "ሳፊያ ያለችው ግን ልጅ አየሁ ነው" አለና ገባ።

ያን ሌሊት ሙሀባ አልተኛችም። በጠዋት ሎሚ ልትሸጥ ስትወጣ ሰዉ ሁሉ ወሬ ሊነግራት መቅረቡን ትቶ ከሩቅ እያያት ይስቃል። የሰው ስም በሌላ አፍ ውስጥ ሲያድር እንዲህ ነበር ለካ የሚከብደው። የሳፊያን ልጅ አሰበቻት። ያቺ ልጅ ስንት ሌሊት ሳትተኛ አድራ ይሆን?

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ካሚል፣ ሲሃምና ሙሀባ ግርማ ቤት ገቡ። ካሚል ወፍራሟን አገላበጣት። "ግርማ፣ ይቺ ጌም ታጫውታለች?"

ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሀባን አየ፣ ሲሃምን አየ። "ያው... ኮምፒውተር ነው" አለ።

አሁን ሳፊያ መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ ብቅ አትል መሰላችሁ! ካሚል ዞረ።

"እትዬ ሳፊያ፣ ጥሩ መጡ። በገዛ ዓይንዎ ያዩት እርስዎ ነዎት። እስቲ በአላህ፣ ማንን ነው ያዩት?"

ሙሀባ ጥጉ ላይ ያለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከስድስት ዓመት በኋላ እሾኋን የምትነቅልበት ቀን ለሳፊያ መጣላት። ሙሀባ አቀርቅራ ቀስ ብላ "ሳፊያዬ፣ የልጅሽን ነገር... አጥፍቼ ነበር" አለች። በሕይወቷ ይህን ያህል አጭር ነገር ተናግራ አታውቅም።

ሳፊያ ሲሃምን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች፣ ልትናገር አፏን ከፍታለች። ሳፊያ ቀደመቻት።

"እናትህን ነው ያየሁት" አለች። "አረንጓዴ ሻሽ አድርጋ።"

"እናቴ አረንጓዴ ሻሽ የላትም፣ እትዬ ሳፊያ።"

"እንግዲያ ግዛላት" አለች ሳፊያ፣ መታወቂያዋንም ለግርማ ሰጠች።

ካሚል ቀስ ብሎ ልጁን አየ። የሲሃም ሻሽ አረንጓዴ ነው። ካሚል ሞኝ አይደለም። ሦስት ሴቶች ፊቱ እያሉ አንዳቸውም ዓይናቸውን አላነሱም። ሁለቱ ትልልቆቹ በዕድሜያቸው ሙሉ አንዲት ነገር እንኳ ደብቀው የማያውቁ ናቸው።

ወፍራሟን መልሶ አስቀመጣት። እጁን ግን ክዳኗ ላይ እንዳለ ተወው።

"ትሞቃለች" አለ።

"ጅማ ዝናብ ነው" አለ ግርማ በቶሎ።

ካሚል ብሩን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ላፕቶፗን አንስቶ ለሲሃም አቀበላትና፣ ሙሀባ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ እሷ የሌለች ይመስል እንዲህ አለ፦

"ለእናቴ ንገሪያት። ፈተና ሲደርስ ጎሉ ይቅርባት።"

"እነግራታለሁ አባ" አለች ሲሃም።