በሁለት ትሪ ላይ የተሰካ ቅርንፉድ

ሳኒያ ስትቆጣ ሦስተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ከገመዱ ይወድቃል እያሉ የሹብራ ሰፈር ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል። ዘንድሮ ግን ረመዳን እስኪያልቅ ላትጮህ ለልጇ ለራንዳ ቃል ገብታለች።

«ይህን ከቻልሽ» ብላታለች ራንዳ፣ «ሳገባ ከላያችሁ ያለውን ቤት እንከራያለን። ካልቻልሽ እስክንድርያ እንገባለን፤ እዚያ ድረስ ድምፅሽ አይሰማም።»

ሃያ ስምንት ቀን አለፈ። በሃያ ዘጠነኛው፣ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ እናትና ልጅ ከምድጃ የወጣ የዒድ ብስኩታቸውን ሊወስዱ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ሄዱ። ሴቱ ሁሉ ትሪ ተሸክሞ ይጋፋል። ሳኒያ የሷ ትሪ እንዲለይ ጥግ ባለው ብስኩት ላይ ቅርንፉድ ሰክታ ነበር። ቅርንፉድ የተሰካበትን ትሪ በጎረቤቷ በኢንሺራህ እጅ አየችው።

«ኢንሺራህ፣ እህቴ፣ ትሪው የኔ ነው።»

«የምን ያንቺ! ዓመቱን ሙሉ ስትጮኺ ከርመሽ አሁን ደግሞ ሌብነት ጀመርሽ?»

ጋጋሪው ሸሃታ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሳኒያ ደም ፈላ፤ ስድቡ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ዞር ስትል ራንዳ ትንፋሿን ውጣ ታያታለች። ያን ጊዜ ራንዳ አግብታ ከላይኛው ቤት ጠዋት ጠዋት በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወደ እሷ ስትወርድ በሐሳቧ ታያት።

«ጾመኛ ነኝ» አለች ቀስ ብላ፣ ጾመኛ ሲሰደብ እንደሚለው።

«ምን አልሽ?»

«ጾመኛ ነኝ፣ የኔ ማር።»

«ኧረ ታማለች! ወንበር አምጡ!» ጮኸች አንዷ።

«እትዬ ሳኒያ» አለ ሸሃታ፣ «በአላህ ስደቢን! እንዲህ ስትሆኚ ያስፈራል።»

ኢንሺራህም ደንግጣ ትሪውን ዘረጋችላት። «እንኪ በቃ፣ ብቻ አትሙቺብን።»

ይኼኔ የሸሃታ ሚስት ከምድጃው ሌላ ትሪ ስባ አወጣች። «ይሄ ቅርንፉድ ያለበትስ የማነው?»

የሳኒያ ነበር። ፊቷ ቀላ።

«ታዲያ አንቺ ቅርንፉድ መሰካትን ከየት አመጣሽው?» አለቻት ኢንሺራህን።

«ካንቺ ነዋ! አምና ‹ቅርንፉዴን የነቀለው ማነው!› ብለሽ ስትጮኺ ነው የተማርኩት።»

ሳኒያ ሳቋ ፈነዳ። ትሪው ሁሉ ተንቀጫቀጨ። ድንገት አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ራንዳ፣ ሳቅ ይቆጠራል እንዴ?»

«አይቆጠርም» አለች ራንዳ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች። «የላይኛውን ቤት ቁልፍ ዛሬውኑ እንጠይቃለን።»

«ጨረቃ ካልታየችስ? ነገም ጾም ነው እኮ! ሌላ አንድ ቀን ከየት አመጣለሁ?»

የሰማችው ሴት ሁሉ ትሪዋን እንደታቀፈች ደጅ ወጥታ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ከሁሉ በፊት ያንጋጠጠችው ኢንሺራህ ነበረች።