ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሳለ

ስታማቲያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቷ መግባት። ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል ድንጋይ ተንከባሎ የወረደ ጊዜ ከአቴንስ ባለሙያ መጥቶ መረመረና ሪፖርት ጽፎ ሄደ። ከንቲባው ዚሲስ ሪፖርቱን «ምስጢር ነው» ብሎ ካዝና ውስጥ ቆለፈበት፤ የስታማቲያንም ቤት «ቋጥኝ ያሰጋዋል» ብሎ አሸገ። እሷም የወንድሟ ሚስት ኩሽና ውስጥ አልጋ ዘርግታ ቀረች። ያቺ ሴት ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰው ሲተነፍስ እንኳ ይቆረቁራታል።

መንደሩ ሁለት ቡና ቤት አለው፤ ሰማያዊ ወንበር ያለው የዚሲስ ወገኖች፣ አረንጓዴ ወንበር ያለው የፓንዴሊስ ወገኖች። አረንጓዴዎቹ «ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮኹላት። ተመረጡም። ስታማቲያ ደስ ብሏት ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ አዲሱ ከንቲባ ፓንዴሊስ ቢሮ ገባች።

«ኪራ ስታማቲያ» አላት፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ የመንደር ደኅንነት ጉዳይ ነው። እርስዎ አይገባዎትም።»

«ባለፈው ሳምንት ይገባኝ ነበር እኮ።»

በዚያው ቀን ሰማያዊዎቹ «ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» ማለት ጀመሩ። አያፍሩም እኮ፤ ያንኑ ቃል፣ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ።

በሚቀጥለው ምርጫ ዚሲስ መልሶ አሸነፈ። ስታማቲያ ግን አሁን ነቅታለች። በርክክቡ ቀን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ተሰናባቹ ከንቲባ የካዝናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ከዚያ አዲሱ ያነሣዋል። ቄሱ ጸሎቱን ሳይጨርሱ ብድግ አለች።

«አንተ ፓንዴሊስ፣ ሪፖርቱ ይከፈት ወይስ አይከፈት?»

ፓንዴሊስ ሥልጣኑን አስረክቧል፤ ምን ቸገረው? «ይከፈት፤ እነሱ ናቸው የደበቁት።»

«አንተስ ዚሲስ?»

ዚሲስ ቁልፉን አየ። ገና እጁ አልገባም፤ ሕዝቡ ደግሞ አፍጥጦበታል። «ይከፈት እንጂ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ቄሱ «አሜን» ሳይሉ ቁልፉን ላፍ አድርጋ ካዝናውን ከፈተች። ሪፖርቱን የመንደሩ አስተማሪ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ከኪራ ስታማቲያ ቤት በላይ ያለው ቋጥኝ አያሰጋም። የሚያሰጋው ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ያለው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ባስቸኳይ ይለቀቅ።»

ከዚያ ሰማያዊ የለ፣ አረንጓዴ የለ፣ ሁሉም በሩ ላይ ተጋፋ። ቄሱ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። ሁለቱ ከንቲባዎች ብቻ ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከሁሉም ኋላ ወጡ።

«እያወቃችሁ ነው እዚያ ቋጥኝ ሥር ስትቀመጡ የኖራችሁት?» አለቻቸው ስታማቲያ አደባባዩ ላይ። «የእኔንስ ቤት ያሸጋችሁት የሰው ዓይን ወደዚያ እንዲዞር ነው?»

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ወንበሩን እንልቀቅ?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ስታማቲያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያም እሽጉን ልትበጥስ ወደ ቤቷ ሄደች።