መዘውሩ የተሠራበት ዘመን

ወይዘሮ ይመኙሻል በ1954 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን መጥታ የሰዓት ጠጋኙን የዘርአ ዳዊትን ሱቅ ጠይቃ ገባች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ከነጠላዋ ሥር በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይኸ ዕቃ መቼ እንደተሠራ ሊያውቁልኝ ይችላሉ?» አለችው።

ዘርአ ዳዊት ሻሹን ፈታው። መዳፍ የሚሞላ ክብ የነሐስ ዕቃ ነው። በጎኑ ጥቁር እጀታ አለው፤ እጀታውን ሲያዞረው ውስጡ እየተንቀጨቀጨ ተሽከረከረ። ፊቱ በራ።

«ይኸማ የማውቀው ነው። ፈረንጆች ዓሣ ሲያጠምዱ ክር የሚጠቀልሉበት መዘውር ነው።»

«አዎ፣ እሱስ ነው። ዘመኑን ነው የፈለግሁት።»

ወደ ትክክለኛው ሰው ነበር የመጣችው። ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ሱቅ ከመክፈቱ በፊት አሥራ አራት ዓመት አዲስ አበባ፣ አንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሠርቷል። ላንጋኖ ሄደው ዓሣ የሚያጠምዱ ፈረንጆች መዘውራቸው ሲበላሽ የሚያመጡት ለአርመናዊው ነበር። ዘርአ ዳዊት ሰዓት ከመጠገን ይልቅ እነዚህን መዘውሮች መፍታት ይወድ ነበርና፣ የየትኛውን ዘመን እጅ ሥራ እንደያዘ ከብረቱና ከብሎኑ መለየት ተማረ። ያያቸውንም ሁሉ በደብተር እየሣለ አኑሯቸዋል።

«ይመልከቱ፣ ነሐስ ነው» አላት መዘውሩን እያገላበጠ። «የቅርቦቹን ከአሉሚኒየም ነው የሚሠሯቸው፣ ቢይዟቸው አይከብዱም። ነሐስ የአሮጌዎቹ ነው። እጀታውም ቀንድ ይመስለኛል፤ ቀንድ ደግሞ ከቀረ ቆይቷል።»

አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጠርዙን ሲያይ አንዲት ትንሽ ብሎን አገኘ። እዚያ ቦታ ላይ ብሎን አይቶ አያውቅም። አንዱ ጠጋኝ ኋላ የጨመራት ናት ብሎ አለፋት።

«ታዲያ ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«ከአርባ በላይ። ምናልባትም ሃምሳ።»

«ከ1922 በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው?»

«ኧረ ከዚያ በጣም በፊት።»

ዘርአ ዳዊት ደስ የሚል ነገር የነገራት መስሎት ነበር። የቆየ ዕቃ ያለው ሰው ዕድሜውን ሲሰማ ይኮራል። ቀና ሲል ግን ሴትዮዋ መሬት መሬት እያየች አገኛት።

«እንግዲያው እውነት ነው» አለች፣ ለራሷ ያህል።

«አስከፋሁዎት እንዴ?»

«የለም። እርስዎ ምን አደረጉ፣ የጠየቅሁትን ነገሩኝ።»

ለደብተሩ እንዲሆነው፣ በመዘውሩ እግር ላይ የተቀረጹትን ፊደልና ቁጥር በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ፈግፍጎ ቀዳ። ስሟንና ሰፈሯን ጠየቃት። «ይመኙሻል እባላለሁ፣ አንኮበር፣ ከሚካኤል አጥቢያ» አለችና ሻሿን ጠቅልላ ወጣች።

ዘርአ ዳዊት እሑድን በሰላም አልዋለም። የሴትዮዋ ፊት ከዓይኑ አልጠፋ አለ፤ ያቺ ብሎንም ትነዘንዘው ጀመር። ጠጋኝ የጨመራት ብትሆን ቀዳዳዋ እንዲያ የተስተካከለ፣ ጥርሷም እንዲያ የጠራ አይሆንም ነበር። የፋብሪካ ሥራ ናት። የፋብሪካ ሥራ ከሆነች ደግሞ የነገራት ዘመን ልክ አይደለም።

አርመናዊው ሲሞት አንድ ሳጥን ሙሉ የፋብሪካ ካታሎግ አውርሶት ነበር። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሳጥኑን አወረደ። እንግሊዝኛውን ቀስ እያለ ነው የሚያነበው፣ ሥዕሉ ግን ይመራዋል። በፈረንጅ 1933 የወጣው ውስጥ የለም። የ1934ቱን ሲገልጥ መዘውሩ ከነብሎኑ ተሥሎ አገኘው። ከሥሩ፣ አሮጌውን መልክ የለመዱ ደንበኞች ስለጠየቁ በነሐስ እንደገና የተሠራ፣ የክሩን አለቃቀቅ ማጥበቂያና ማላሊያ ብሎን የተጨመረለት፣ በዚህ ዓመት አዲስ የወጣ ይላል። ቁጥሩን በእርሳስ ከቀዳው ጋር አስተያየው። አንድ ነው።

መልእክት ሊልክባት ይችል ነበር። ነገር ግን የተሳሳተውን በገዛ አፉ ስለነገራት ማረሚያውንም ራሱ ሊያደርስላት ፈለገ። ረቡዕ ማለዳ ካታሎጉን በብብቱ ይዞ እህል ጫኝ መኪና ላይ ወጣ። መኪናው እስከሚሄድበት ሄዶ የቀረውን በእግሩ ተጓዘ። አንኮበር ሲደርስ ጉሙ ቤቶቹን ሸፍኗቸው ስለነበር ቤቷን ያገኘው በየአጥሩ ላይ እየተጣራ ነው።

ይመኙሻል በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

«አቶ ዘርአ ዳዊት! ምን እግር ጣለዎት?»

«የነገርኩዎት ልክ አልነበረም። ላርም ነው የመጣሁት።»

በቤቱ ውስጥ በሰለች የምትባለው ልጇ ሱፍ ትፈትላለች። መደቡ ላይ ደግሞ የይመኙሻል አባት፣ ቄስ ኃይለ ገብርኤል፣ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ዘርአ ዳዊት መስቀል ተሳልሞ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ። ይመኙሻል ወደ አባቷ አየት አድርጋ አመነታች፤ ኋላ ግን ከሙዳዩ ሥር መዘውሩን አውጥታ ሰጠችው።

ዘርአ ዳዊት መርፌ ለመናት። መርፌውን በፍም አግሎ የእጀታውን ጫፍ ነካ አደረገው።

«ያሽትቱ። ቀንድ ቢሆን የተቃጠለ ጠጉር ይሸት ነበር።»

ይመኙሻል መርፌውን ተቀብላ አሸተተች። «የሐኪም ቤት መድኃኒት ነው የሚሸተው» አለች።

«አዎ። በፋብሪካ የሚቀመም ነገር ነው፣ ቀንድ አይደለም። ይኸን ደግሞ ይመልከቱልኝ።» ካታሎጉን ዘርግቶ ሥዕሉን፣ ብሎኗን፣ ቁጥሩን አሳያት። «1934 ላይ ነው አዲስ የወጣው።»

የይመኙሻል ፊት ዳመነ። «በ1934 ባሌ የለም። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ምኑ ተገጣጠመ?»

«ይቅርታ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ 1926 ይሆናል። ከ1926 በፊት ይኸ ዕቃ በዓለም ላይ አልነበረም።»

ይመኙሻል የያዘችውን መርፌ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መናገር ስትጀምር ልጇም እንዝርቷን አቆመች፤ ስለ አባቷ እናቷ አፏን ስትከፍት ያየችው ያን ቀን ነውና።

ባሏ ገብረ ሕይወት መንገድ ሊቀይስ ለመጣ አንድ እንግሊዛዊ ያገለግል ነበር። እንግሊዛዊው ሥራ ሲፈታ ወደ ቆላው ወንዝ ወርዶ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፣ ገብረ ሕይወትንም አስተማረው። በ1922 ሰኔ ላይ የእንግሊዛዊው መዘውር ጠፋ። ሳጥኑን ከገብረ ሕይወት በቀር የሚነካ ስለሌለ ወስደሃል ተባለ። ከሥራው ወጣ። እንግሊዛዊውም ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ሄደ፤ ሌባ የሚለው ስም ግን ከገብረ ሕይወት ጋር አንኮበር ቀረ።

«በ1928 መስከረም አዲስ አበባ ይፈለጋል ተብሎ ሄደ» አለች ይመኙሻል። «ሲመለስ ይኸን ጥቅል ይዞ መጣ። ደስ ብሎት ነበር። ምንድን ነው ስለው፣ አባትሽ ከሰላ ድንጋይ ሲመለሱ በሳቸው ፊት እፈታዋለሁ አለኝ። በሦስተኛው ቀን የዘመቻ ጥሪ መጣና ወጣ። አባባ ሲመለሱ እሱ የለም።»

«አልተመለሰም?»

«መርዶው መጋቢት ላይ መጣ። በሰለችን ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ጥቅሉን ፈታሁት። ያው የእንግሊዛዊው መዘውር ነው። ለካ ወስዶታል አልኩ። ለካ ሊናዘዝ ነበር አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ደብቄ አስቀመጥኩለት። ዘንድሮ ሲያመኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኩና ለባለቤቱ መልሺ ስላሉኝ፣ አስቀድሜ የእንግሊዛዊው መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት።»

ዘርአ ዳዊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት።

«ባለቤቱማ እሱ ነው። በ1922 የጠፋው ሌላ ነው፤ ያኔ ይኸ ገና አልተሠራም ነበር። እንግሊዛዊው የራሱን አንድ ቦታ አግኝቶት፣ አፍሮ ይሆናል ይኸን የላከለት። በርግጥ እንዲያ መሆኑን አላውቅም። አለመስረቁን ግን አውቃለሁ።»

ከመደቡ ላይ ቄስ ኃይለ ገብርኤል እጃቸውን ዘረጉ። «አምጡልኝ እስቲ» አሉ። ዘርአ ዳዊት መዘውሩን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ዳበሱት፤ እጀታውን ትንሽ አዞሩት፤ ሲንቀጨቀጭ አቆሙት።

«ያኔ ጠርቼው ነበር» አሉ። «መስቀሌን ይዞ እንዲምል አደረግሁት። ማለ። ከማለ በኋላም አላመንኩትም። ልጄን ለሌባ አጋባኋት ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። ሕዝቡ የተከተለው እኔን ነው።»

«አባባ» አለች ይመኙሻል፣ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና። «እኔም እኮ አላመንኩትም። አብሬው ኖሬ፣ ፊቱን አይቼ፣ ጥቅሉን ስፈታ አላመንኩትም።»

«አንቺ የፈረድሽው እኔ ከፈረድኩ በኋላ ነው።»

እጃቸውን ያዘች። ሽማግሌው እያለቀሱ ነበር። እሷ አላለቀሰችም። በሰለች ተነሥታ ለእንግዳው የሚበላ ልታቀርብ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ብዙ ቆየች።

ዘርአ ዳዊት ሲሰናበት ደብተሩን አውጥቶ ቅዳሜ የጻፈውን ሰረዘና በላዩ 1926 ዓ.ም. ብሎ ጻፈ። የባለቤት ስም ከሚለው ቦታ ላይ ይመኙሻል የሚል ነበር። ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«ገብረ ሕይወት ይበሉ» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ቄስ ኃይለ ገብርኤል የልጅ ልጃቸው ደግፋቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲሰበሰብ፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ስብከት አላደረጉም። ገብረ ሕይወት እንዳልሰረቀ፣ እሳቸው እንደሰረቀ አድርገው እንደተናገሩ፣ መሳሳታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ በእጃቸው እንደገባ ነገሩና «ይቅር በሉኝ፤ እሱንም በስሙ ጥሩት» ብለው ተቀመጡ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ስለ ማን እንደሚወራ እንኳ አያውቁም ነበር።

ይመኙሻል ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ሰው ይጠይቀኛል ብላ ፈርታለች፤ ምን እንደምትመልስም አላወቀችም። መጀመሪያ የቀረባት ግን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ወልደአረጋይ የሚባል በወጣትነቱ ከገብረ ሕይወት ጋር የዘመተ ገበሬ ነው። ፊቷ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስሙን ጠርተሽ ካልጠየቅሽኝ እንዴት ልንገርሽ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ» አላት። «በመንገድ ላይ እኔን እግሬን ሲያመኝ ጠመንጃዬን እሱ ነበር የሚይዝልኝ። ሁለቱንም ተሸክሞ ከፊት ይሄድ ነበር።»

«አመመኝ ብሎ ያውቃል?» አለች ይመኙሻል። ሌላ የምትጠይቀው አልመጣላትም።

«አያውቅም። ሲርበው ግን ያኮርፍ ነበር።»

ሳታስበው ሳቀች። «ያኮርፋል፣ አዎ» አለች። ለስንት ዘመን ረስታው ነበር።

ከዚያ አንዱ ሌላውን እያስታወሰ መጣ። ዒላማ ይመታ የነበረው እንዴት እንደሆነ፣ ቁልቁለት ሲወርድ የማይደርስበት ሰው እንዳልነበረ፣ አንድ ጊዜ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ አልነቃነቅ ስትል በዘፈን አባብሎ እንደመለሳት ነገሯት። በሰለች ከወንበሯ ተነሥታ እናቷ አጠገብ ቆመች። አባቷ ዘፋኝ እንደነበረ አታውቅም።

ታንጉት የሚባሉ አሮጊት፣ ልጅቷን ሲያይዋት ቆይተው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ዓሣውን ሁሉ ለእኛ ነበር የሚያከፋፍለን» አሉ። «እሱ ግን በአፉ አይዞርም፣ ሽታውን አይወድም። ታዲያ ለምን ትወርዳለህ ስለው፣ ወንዙ ዳር መቀመጥ ደስ ስለሚለኝ ነው አለኝ።»

«ሌላስ?» አለች በሰለች። «ሌላስ ምን ይል ነበር?»

አሮጊቷ ፈቀቅ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላት። «ነይ ተቀመጪ፣ ብዙ ነው» አሏት።