ባሕር ይቁም ወይስ ይጋደም

ከአምቦ እስከ ነቀምቴ ስለ ባሕር እንደኔ የሚያውቅ ሰው የለም። ባሕር አይቼ አላውቅም እንጂ ወንጪ ሐይቅን በጀልባ ስሻገር ማዕበሉ እኔን አይቶ ጸጥ ብሏል፤ ቀዛፊው ምስክሬ ነው። ስለዚህ ቀይ ባሕርን አምጥቼ ቁርስ ቤቴ መስኮት ሥር ለማስቀመጥ ስነሳ፣ ከባለቤቴ ከጂቱ በቀር የሚያግደኝ ኃይል አልነበረም።

ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦችና አንድ ቁራሽ ኮራል፣ ያ ድንጋይ መስሎ ነፍስ ያለው ፍጥረት፣ ከጅቡቲ በጭነት መኪና መጥተው ጨዋማ ውሃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ ይጠብቃሉ። ባልዲ ውስጥ ደግሞ አይከርሙም። መስታወት ቆራጩ ሃቦኔ ዘንድ ደግሞ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ወፍራም መስታወት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ።

"እንደ ፎቅ አቁመው!" አልኩት። "የነቀምቴ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ሲያየው አንገቱ ይቀጭ!"

"አይሆንም" አለች ጂቱ። "ዝቅ ብሎ ሰፋ ይበል። ኮራሉ ብርሃን ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ልትቀብረው ነው? ዓሣውስ ወደ ጎን ነው የሚዋኘው ወይስ መሰላል ይወጣል?"

"ሰፊው ቦታ ይፈጃል! ሁለት ጠረጴዛ ይነሳል!"

"ማን ሊቀመጥበት?"

እንዲህ ያለ ድፍረት በዝምታ አይታለፍምና ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ኦቦ ጃርሶ የድንበርና የትዳር ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጡ፣ ግራ ቀኙን ሰሙ፣ ከዚያ ባልዲው ላይ አጎነበሱ።

"እናንተስ ማል ጄቱ? ምን ትላላችሁ?" አሏቸው ዓሦቹን።

ዓሦቹ ዙሪያውን ዞሩ እንጂ ቃል አልሰጡም።

"ገንዳውን የሚያጸዳው ማነው?"

"እኔ ነኛ! ክንዴን አላዩትም? ዝግባ እኮ ነው!"

"ቶሌ፣ ጥሩ። ሃቦኔ፣ እሱ የሚለው ቁመት ያንን የውሃ በርሜል ያህላል?"

"ልክ ያህላል፣ ኦቦ።"

ማንኪያ አስመጥተው ውሃ የሞላው በርሜል ውስጥ ጣሉና "በል፣ አውጣው" አሉኝ።

ክንዴ ገባ። ትከሻዬ ተከተለ። ጭንቅላቴም እነሱን ብቻቸውን አልልክም አለ። ከወገቤ በላይ በርሜል ውስጥ ሆኜ፣ እግሮቼ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ሲሰጡ፣ ሃቦኔ ሊጎትተኝ ተንደረደረ።

"ቆይ፣ እያጸዳ ነው!" የምትለው የጂቱ ድምፅ ውሃ ውስጥ ድረስ ተሰማኝ።

እንደ መንጋጋ ነቀሉኝ። ማንኪያው እዚያው ቀረ።

"ታች ድረስ ወርጄ መርምሬዋለሁ" አልኩ፣ ከጢሜ ውሃ እየተንጠባጠበ። "ጨለማ ነው። ኮራል አይኖርበትም። በጥናቴ መሠረት ይጋደም።"

"በማን ጥናት?" አለች ጂቱ።

"ሃቦኔ፣ ቶሎ ቁረጥ" አሉ ኦቦ ጃርሶ። "ከደረቀ ሐሳቡን ይቀይራል።"

ሃቦኔ ቆረጠ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ጂቱ የባልዲውን ውሃ በሌላ ጨዋማ ውሃ እየቀየረች ነፍሳቸውን አቆየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ኮራሉን ከገንዳው ወለል ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃው ክርኗን አላለፈም። ዓሦቹ ተለቀቁና ከዳር እስከ ዳር ይሮጡ ጀመር። አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማንም እንዲለካው አልፈቅድም።