ማሪክሩስ ወደ ቤቴ ያስገባችው በረሃ

አርባ ዓመት ሙሉ ቶሬዮን ከተማ ውስጥ ዋናው ሥራዬ በረሃውን ከቤቴ ጠርጎ ማስወጣት ነው። ነፋሱ በመስኮት ያስገባዋል፣ እኔ በመጥረጊያ አስወጣዋለሁ፤ እሱም አይታክተው፣ እኔም አይታክተኝ። እንግዲህ ልጄ ማሪክሩስ ባልዲ ሙሉ አሸዋ ተሸክማ በሳሎኔ በር ስትገባ ምን እንዳልኩ አልደግመውም።

አሸዋው ለካምፓሞቻዎቹ ነው አለችኝ። የጣት ርዝመት ያላቸው ሦስት ነፍሳት ናቸው። ጭንቅላታቸው ሦስት ማዕዘን፣ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ፣ የፊት እግራቸውን አጣጥፈው የሚጸልዩ መስለው የሚቆሙ፣ ሲበሉ ግን ነፍሱ ያልወጣ ዝንብ ከጭንቅላቱ ጀምረው የሚቆረጥሙ። እሷ ማንቲስ ነው የምትላቸው፣ ስማቸውን ስታሳምረው የሚያምሩ መስሏት። አባቴ ያገኛትን ሁሉ በጫማው ይጨፈልቅ ነበር፤ ላም ከሣር ጋር ከዋጠቻት ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች ይባላል እኛ ዘንድ። የእኛም ላም በሰባት ዓመቴ ተነፍታ ሞታለች። ሽታዋ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ያን ዓመት ወተት የሚባል አልቀመስንም።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ማሪክሩስ ከሞንቴሬይ ከባሏ ቤት ስትመጣ ክንዷ በልዞ ነበር። ያበለዘው ባሏ ሂልዳርዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ሾርባ ሳመጣላት እንኳን ዞር ብላ አታየኝም። አንድ ቀን ካጠብኩት አንሶላ ላይ አንዷ ካምፓሞቻ ተጣብቃ ስታገኛት ግን ተነስታ ቁጭ አለች። በማግሥቱ ፀጉሯን ታጠበች፣ በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ፈልጋ ጨመረች። እኔም ያቅለሸለሸኝን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

የመስታወት ሣጥን አመጣች። አሸዋውን አራት ጣት ያህል ደለደለችበት፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አኖረች፣ ደረቅ የእሾህ ቅርንጫፍ እስከ ወንፊት ክዳኑ ድረስ አጋደመች፤ ቆዳቸውን ሲቀይሩ ቁልቁል የሚንጠለጠሉበት ነው አለች። ጥግ ላይ ሞቅ የሚያደርግ አምፖል ሰቀለች። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ። የበረሃ ናቸው፣ አሸዋው ከረጠበ ይሞታሉ ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ፍሪጄን ስከፍት አይቤ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ትል ሲተራመስ አየሁ። ቀለባቸው መሆኑ ነው። ያን ቀን አይብ አልበላሁም፤ ከዚያ ወዲህም ሳልመረምር አልበላም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእኛ ሰፈር ሴት ሁሉ ጠዋት ተነስታ በሯ ፊት ያለውን መሬት ውሃ ትረጨዋለች፣ አቧራው እንዲተኛ። እናቴ ትረጭ ነበር፣ እኔም እረጫለሁ። ማሪክሩስ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሣጥኑን ክዳን ከፍታ ትታ ከፍሪጅ ትል ልታመጣ ትሄዳለች። እኔ ከውጭ ስመለስ ባልዲዬ ውስጥ የተረፈ ውሃ አለ፣ ከፊቴ ደግሞ አቧራማ አሸዋ። ነግራኛለች፣ ጆሮዬም ሰምቷል፤ እጄ ግን አልሰማም። ስንት ጠዋት እንደረጨሁት እንጃ።

አሸዋው ሻገተ። በላዩ ቅንጣት የሚያካክሉ ነጫጭ ተባዮች ይርመሰመሱበት ጀመር፣ ሽታው እንደ ረጠበ ካልሲ ሆነ። ሁለቱ ካምፓሞቻዎች ሆዳቸው ጠቁሮ ሞተው ተገኙ። ማሪክሩስ ባልዲውን በእጄ አየችው፤ ሁሉም ገባት። አልጮኸችም።

"እሱም የምወደውን ነገር እየመረጠ ነበር የሚሰብረው" አለችኝ።

ረስቼ ነው፣ እጄ ነው ብዬ ማልኩላት። አላመነችኝም፤ ስሰድባቸው የከረምኩትን ሴትዮ ማን ያምናል? ያን ዕለት ለሂልዳርዶ ደውላ ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ውሰደኝ አለችው። እሱ ለወራት ሲለምናት የኖረ ነው። እሱ ያበለዘውን ክንድ እኔ ነበርኩ ሳክም የከረምኩት፤ በዚህ ዙር የሚጎዳው ክንዷ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጓሮ እሳት አነደድኩ። እሁድ እሁድ ሥጋ የምንጠብስበትን፣ እንደ ምጣድ ሰፊ የሆነውን የማረሻ ዲስክ ጥጄ ያን የሚሸት አሸዋ ገለበጥኩበትና እየቆላሁ አደረቅኩት። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አሸዋ አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ወደ ቤቷ ተመለሰች። አሸዋው ሲበርድ ሣጥኑን አጥቤ እንደገና ደለደልኩ፣ ድንጋዮቹን አኖርኩ፣ ቅርንጫፉን አጋደምኩ።

የቀረችዋ ካምፓሞቻ ፎጣ ላይ ተኝታ ነበር፣ እግሯን እንኳ ማንሳት አቅቷት። ማሪክሩስ የደከመችን እንዴት እንደምታጎርስ ያላየሁ መስዬ አይቻለሁ። ትሉን የምትይዝበትን ወረንጦ ግን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታዋለች። ስለዚህ በጣቴ ትሉን ያዝኩ። ይንቀሳቀሳል። ስጨምቀው ለብ ያለ ቢጫ ነገር ጥፍሬ ሥር ገባ። ካምፓሞቻዋን መዳፌ ላይ አነሳኋት፤ የእግሯ እሾህ ይቆረቁረኛል፣ ምራቄ አፌን ሞላው። አባቴ ቢያየኝ በጫማው እጄን ይመታው ነበር። ትሉን አፏ ላይ አስነካኋት።

ደጅ የሂልዳርዶ መኪና ጥሩምባ የጮኸው ያኔ ነው። ማሪክሩስ ሻንጣዋን ይዛ ወጣችና እኔን ስታይ ባለችበት ቀረች።

"መንቀሳቀስ አልችልም፣ ትወድቃለች" አልኳት። "በሩን አንቺው ክፈቺለት። ካልፈለግሽም አትክፈቺ።"

ጥሩምባው ደገመ። ማሪክሩስ መዳፌን አየች፣ ጓሮ የሚጨሰውን ዲስክ አየች፣ ሣጥኑን አየች። ሻንጣውን አስቀምጣ መጣችና እጄን ከሥር ደገፈችው። ትሉን ትንሽ ወደ አፏ አስጠጊው አለችኝ። አስጠጋሁት። አፏ ተንቀሳቀሰ፤ በዓይኔ ፊት ያን ቢጫ ነገር ትልሰው ጀመር። ውጭ በሩ ተደበደበ፣ ስድብ ተሰማ። ጎረቤቴ ፖሊስ ልጥራ ወይ ብላ በአጥሯ ላይ ስትጮህበት ሰማን። ቆይቶ መኪናው ተነስቶ ሄደ። ሁለታችንም ንቅንቅ አላልንም።

ካምፓሞቻዋ ስትጠግብ ማሪክሩስ ተቀብላኝ ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ጓሮ ሮጬ አስመለስኩ፣ አንጀቴ እስኪወጣ። ልጄ ተከትላኝ ግንባሬን ያዘችልኝ።

"ነገ ጠዋት አንድ ትል ትጨምሪላታለሽ" አለችኝ።

ነገ ስትል ሰማሁ። አፌን በቀሚሴ ጠረግሁና እሺ፣ ወረንጦውን ግን ከሻንጣሽ አውጪልኝ አልኳት።