አምስተኛው ጣሳ

ወለተሐና ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ናት። ግቢዋ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ መምህር አከራይታ ነበር። መምህሩ በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሲሄድ በረንዳው ላይ ሰባት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ትቶ ሄደ። በየጣሳው ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ወፋፍራም ተክሎች ነበሩ።

«ብዙ ውኃ አይፈልጉም» ብሏት ሄደ። ስማቸውን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችው።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ስትወጣ ሁለቱ በውርጭ ተመትተው እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሽሸው አገኘቻቸው። እስከዚያ ቀን ትዝም ብለዋት አያውቁም ነበር። ያን ዕለት ግን የቀሩትን አምስቱን ሳሎን አስገብታ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። የትኛው ብርድ እንደሚችል፣ የትኛው ፀሐይ እንደሚወድ ለማወቅ መጀመሪያ ምንነታቸውን ማወቅ ነበረባት።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «የበረሃ ተክል ወዳጆች» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። ፎቶ አንስታ ላከች። አባላቱ በሁለት ቀን ውስጥ አራቱን ለዩላት። አንደኛው እሬት፣ ሌላው እንዳሁላ፣ ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ክራሱላ ነው አሏት። አራተኛው የቁልቋል ዘር ስለሆነ ወተቱ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ አስጠነቀቋት።

አምስተኛው ላይ ግን አልተስማሙም። ቅጠል የለውም፤ አራት ጠርዝ ያላቸው፣ የጣት ውፍረት ያላቸው አረንጓዴ ግንዶች ብቻ ናቸው።

«ይሄማ የኛ ነው!» ብሎ ጻፈ ረሺድ። ረሺድ አልዩ አምባ ውስጥ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ከመቶ በላይ ተክል አለው። «ከከተማችን በታች ያለው ገደል ላይ ሞልቷል። ወላሂ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

ከሰላ ድንጋይ ከተማ ደግሞ አቶ ዘርአ ዳዊት የሚባሉ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ በድምፅ መለሱ። እሳቸው ሁልጊዜ በድምፅ ነው የሚልኩት። «ወይዘሮ ወለተሐና፣ እስኪ ዳሰስ ያድርጉትና ይንገሩኝ። እንደ ሰም ያንሸራትታል ወይስ ጸጉር አለው?»

ረሺድ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ ፎቶው ፊትዎ ተደቅኖ የለም እንዴ? ካልታየዎት መነጽር ይቀይሩ» ብሎ ጻፈ።

ብዙ ሰው የሳቅ ምልክት ላከ። ወለተሐናም ላከች። ከዚያ በኋላ የአቶ ዘርአ ዳዊት ድምፅ ከግሩፑ ጠፋ። ጥያቄያቸውንም ማንም አልመለሰላቸውም።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ወለተሐና ነገሩን በዓይኗ አይታ ልትገላገል ወሰነች። አንዱን ግንድ ቆርጣ በጋዜጣ ጠቀለለችና ሚኒባስ ያዘች። አንኮበር ስትደርስ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር፤ ቁልቁለቱን ጨርሳ አልዩ አምባ ስትገባ ግን ሹራቡ ክንዷ ላይ ነበር።

ረሺድ ሱቁን ለሚስቱ ለሰሊሃ ትቶ ይዟት ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ድንጋይ ላይ ከበቀለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ አለ።

«ይኸው! አላልኩም?»

እውነትም ቁርጥ ያንኑ ይመስላል፤ ጠርዙም ቀለሙም ውፍረቱም። ወለተሐና ጋዜጣውን ፈታ የራሷን አጠገቡ አኖረች። ያኔ የአቶ ዘርአ ዳዊት ጥያቄ ትዝ አላት። የገደሉን ተክል ዳሰሰችው፤ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። የራሷን ነካች፤ እንደ አዲስ ብርድ ልብስ ለስላሳ ጸጉር አለው። ለሁለት ወር በየሳምንቱ ስታጠጣው አንድም ቀን በጣቷ ዳስሳው አታውቅም፤ ስትቆርጠውም በጋዜጣው ይዛ ነበር።

«እስኪ አንተም ንካው» አለችው።

ረሺድ አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደግሞ ነካ። «አይደለም» አለ። «ተሳስቻለሁ።»

እዚያው ቆመው ለአቶ ዘርአ ዳዊት ደወሉላቸው። ስልኩን ያነሳችው ባለቤታቸው ደብሪቱ ነበረች፤ አቀበለቻቸው። ወለተሐና የዳሰሰችውን ነገረቻቸው።

«ጸጉር ካለው ስታፔሊያ ነው» አሉ። «ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ የእናንተ ገደል ላይ ያለው የሥጋ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም። ኮከብ የመሰለ አበባ ያወጣል። ሲፈነዳ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል፤ ያኔ እርግጠኛ ትሆናላችሁ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ፎቶውን እንዳዩ ለምን አልነገሩንም?» አለ ረሺድ።

«ፎቶውን መቼ አየሁትና? ዓይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ። እያየች የምትነግረኝ ደብሪቱ ናት። እሷ ደግሞ ‹ጣት ይመስላል› አለችኝ። በዚህ ምን ብዬ ልፍረድ?»

ረሺድ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። «አስተግፊሩላህ!» አለ በለሆሳስ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ ስለ መነጽሩ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«አላወቅህም» አሉት። «ግን ደብሪቱ አልቅሳለች። እሷን ይቅርታ ጠይቅ።»

ጠየቃት። ከሰዓት በኋላም ግሩፑ ላይ መሳሳቱን፣ ያስቀየማቸውም ሰው ዓይነ ስውር መሆናቸውን ራሳቸውን አስፈቅዶ ጻፈ። ወለተሐናም ከሥሩ የራሷን ይቅርታ ጨመረች።

በግንቦት ወር አንድ ዓርብ አበባው ፈነዳ። እንደ መዳፍ ሰፊ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጸጉራም ነበር፤ ሳሎኑም ሸተተ። ጎረቤቷ አይጥ ሞቷል ብላ ሶፋውን ልታስነሳ ነበር። ወለተሐና ለረሺድ ደወለች፤ በማግስቱ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተገናኝተው ወደ ሰላ ድንጋይ ተሳፈሩ። እሷ ጣሳውን በፌስታል ሸፍና ይዛለች፤ እሱ ከገደሉ የቆረጠውን ግንድ በጋዜጣ ጠቅልሏል።

መንገድ ላይ ረዳቱ «ሥጋ የያዘ ማነው?» ብሎ ጮኸ።

«አበባ ነው» አለች ወለተሐና።

ያመናት አልነበረም። ፌስታሉን ገልጣ ስታሳይ ግን ሰዉ ሁሉ ተንጠራርቶ አየ፤ ከዚያ ብርዱን ታግሠው መስኮቱን ከፈቱት።

አቶ ዘርአ ዳዊት ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና በሩ ሲከፈት አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ሳቁ። ረሺድ ራሱ እጃቸውን ይዞ አበባው ላይ አኖረላቸው። አምስቱን ጫፎች አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፤ ጸጉሩን በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ከዚያ የገደሉን ግንድ ሰጣቸው። እሱን ሲዳስሱ ቆዩ።

«ይሄኛውን እኔም በስሙ አላውቀውም» አሉ። «የእናንተ ሰዎች ምን ይሉታል?»

«ምንም» አለ ረሺድ። «ስም ይኑረው አይኑረው ጠይቄ አላውቅም።»

ደብሪቱ ግንዱን በባሏ መዳፍ ላይ እንዳለ ፎቶ አነሳችውና ስሙን የሚያውቅ ካለ ብላ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። ምሳ ቀረበ፤ ሦስቱን ወደ ውስጥ አስገባች። ጣሳውን ግን ከበር መልሳ አጥሩ ሥር አስቀመጠችው።