ከፀሐይ የመጣ ሰው

ሐፍሳ ከቡታጅራ ሚዛን አማን ለመድረስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛለች። የመጣችው የወንድሟን የሱሀይብን ሚስት ልታርስ ነው። ሐያት ወንድ ልጅ ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ሐፍሳ ጭቃ የነካውን ጫማዋን አወለቀች፣ የቅቤውን ጣሳ ለወንድሟ አቀበለችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አልገባም አለች።

«ግቢ እንጂ፣ እትዬ» አላት ሱሀይብ።

«ትንሽ ልቀዝቅዝ። ከፀሐይ የመጣ ሰው ዘው ብሎ አራስ ቤት አይገባም።»

ፀሐይ አልነበረም። የሚዛንን ጋራ ጉም ውጦት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይደበድበው ነበር። ሱሀይብ ግን እንዳለችው ትቷት ጣሳውን ይዞ ገባ፤ ታላቅ እህቱ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ የቤቱ ሕግ ሆነ። ከውጭ የመጣ ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል፤ ሐፍሳ ስትፈቅድ ይገባል። በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። ሱሀይብ ራሱ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን ቡና አገላብጦ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። ለትልቅ ሰው አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ሰው ስልኩን ያያል፣ ካላፊ አግዳሚው ጋር ያወራል፣ አንዳንዴም ለምን እንደተቀመጠ ረስቶ ይቆያል።

የሱሀይብና የሐያት የመጀመሪያ ልጅ ዙሌይካ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ፣ ከቡና ማድረቂያው አልጋ ወዲያ፣ ሙዙ ሥር ነው። እዚያ ብቻዋን መሄድ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። የሚከተላት ሰው ካለ ዞራ «እኔ ራሴ!» ትላለች። ሐፍሳ በመጣች በአራተኛው ቀን ግን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ሸናች። በማግስቱ እንግዳ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ደገመችው። ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ ሳትሸና የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው።

ሐፍሳ መጀመሪያ ከምሳ በኋላ ሻይ ከለከለቻት። ቀጥላ «ሽንታም» አለቻት። የጎረቤት ልጆች ቃሉን በአጥር ሰምተው ወሰዱት። ልብስ ማስጫው ላይ የሕፃኑ ጨርቅና የዙሌይካ ሙታንታ ጎን ለጎን ሲሰቀል፣ በጣታቸው እየጠቆሙ «ይሄ የትንሹ፣ ይሄ የትልቁ ሕፃን» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ማናልሞሽ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ጎረቤት ናት፤ በዙሌይካ አፀደ ሕፃናትም አስተማሪ ናት። በረንዳው ላይ ቀዝቅዛ ከገባች በኋላ ሐፍሳ የልጅቷን ነገር አነሳችባት።

«እኛ ጋ እኮ ደርቃ ነው የምትውለው» አለች ማናልሞሽ። «አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችንም።»

«ሰማሽ?» አለች ሐፍሳ ወደ መጋረጃው፣ ወደ ሐያት አልጋ ዞራ። «ሌሊትም ፖፖዋ ላይ ነው፤ አታበላሽም። ስትፈልግ ትችላለች ማለት ነው። ይሄ ቅናት ነው፣ የኔ ልጅ። ተይው፣ አርባሽ ሲወጣ ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ከልጅ ልጆቼ ጋር ትቀላቀላለች፣ ትረሳዋለች። ዓመት ትቆይ።»

ማታ ሱሀይብ ሲነገረው ራሱን አከከ። የቡና ወቅት ነው፤ ግማሹን ሳምንት ሸኮ ወረዳ ያድራል። «እስኪ ይሁን» አለ። «ዓመት ምን አላት።»

ሐያት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። እሷም በአምስት ዓመቷ ለአንድ ዓመት ተብላ አክስቷ ቤት ተልካ ነበር። የተመለሰችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስትመለስ እናቷን «እርስዎ» ብላ ጠራቻት። ይህን ለሱሀይብ ነግራው አታውቅም። አሁንም አልነገረችውም፤ አራስ ናት፣ ቤቱን የያዘችው ሐፍሳ ናት።

በሳምንቱ ሐፍሳ አንድ ትንሽ ቦርሳ ገዝታ የዙሌይካን ልብስ ከተተችበት። ሳሎኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ዙሌይካ በሥሩ ስታልፍ ቀና አትልም ነበር።

ሐያት በወለደች በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሐፍሳ ጓዳ አጥሚት ታማስላለች። ዙሌይካ መጋረጃውን ገልጣ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ቆመች። እግሮቿን አጣምራለች።

«ሽንትሽ መጣ አይደል?» አለቻት ሐያት።

«አልመጣም።»

«እየጨፈርሽ ነው እኮ።»

«አልመጣም አልኩሽ።»

«ሂጂና ነይ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

«አንቺማ አትሄጂም» አለች ዙሌይካ። «በሩ ነው የሚዘጋው።»

«እና?»

«እናማ በረንዳ፣ ጀሪካኑ ላይ እቀመጣለሁ። አክስት እስክትጠራኝ። ትናንትና አልጠራችኝም። አባ ነው መጥቶ ያስገባኝ።»

«እንድትቀዘቅዢ ነዋ። ፀሐይ ነክቶሽ እንዳይሆን።»

«ዝናብ ነበር» አለች ዙሌይካ። ትንሽ አሰበች። «እሱ አልጋ ላይ ይሸናል። አንቺ ፖፖ ላይ ትሸኛለሽ። እናንተ አትወጡም። የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ እግሯ ሥር ረጠበ። ዝቅ ብላ አየችው፤ ከዚያ ሚስማሩ ወዳለበት ግድግዳ አየች።

ሐያት የመቀርቀሪያውን ድምፅ በየቀኑ ተኝታ ስትሰማው ኖራለች። የቤቱ ድምፅ ነው፣ እንደ ዝናቡ። ማንን ውጭ እንደሚያስቀር አስባበት አታውቅም ነበር።

ሐፍሳ መወልወያ ይዛ መጣች። «ይኸው፣ ዓይንሽ እያየ።»

«እትዬ፣ በሩን አትቀርቅሪባት።»

«ልጁን ምች ይምታው?»

«ሽንት ቤት ደርሳ ለመጣች ልጅ ምን…»

«ሐያት» አለች ሐፍሳ። መወልወሏን አላቆመችም። «የመጀመሪያዬን በአሥራ ሁለት ቀኑ ነው የቀበርኩት። አማቴ ከገበያ መጥታ ሳትቀመጥ አቀፈችው። በሦስተኛው ቀን አለቀ። ምች አይደለም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እኔ ያንን በር አልከፍትም።»

ሐያት ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሐፍሳ ስለዚያ ልጅ ስትናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ግን፣ ልጅቷ እግሯን ማጣመር ስትጀምር፣ ሐያት ከአልጋዋ ተነሳች። ጋቢ ደረበች። ሕፃኑን ለሐፍሳ አቀበለቻት።

«ወዴት ነው?»

«ሽንት ቤት። ከልጄ ጋር።»

«አርባሽ ሳይወጣ?»

«ስንመለስ በሩን ዝጊ፣ እትዬ። ሕጉን አላፈርስም። እንቀዘቅዛለን።»

ሐፍሳ ሕፃኑን እንዳቀፈች ጓዳ ገብታ የሽንኩርት ቢላዋን አምጥታ ዘረጋችላት። «እንግዲያው ብረት ያዢ።»

ሐያት በአንድ እጇ ቢላ፣ በአንድ እጇ ዙሌይካን ይዛ ግቢውን አቋረጠች። የብርሃኑ ብዛት ዓይኗን አጠበበው። ቡናው አልጋ አጠገብ የነበረው ሱሀይብ በእፍኙ የያዘውን ቡና መልሶ መበተን ረሳ። «ምን ተፈጠረ?» አለ።

«እየሄድን ነው» አለችው ዙሌይካ።

ሲመለሱ በሩ ተቀርቅሯል። ዙሌይካ ቢጫው ጀሪካን ላይ ተቀመጠች፤ ቦታዋ ነው። ሐያት ደፉ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ አልፎ አልፎ ከደመናው ወጥታ ትገባለች። አንድ ባጃጅ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ አለፈ።

«አሁን ስንት ይቀራል?» አለች ሐያት።

«አይታወቅም» አለች ዙሌይካ። «ድምፅ አታሰሚ። ካንኳኳሽ ይቆያል።»

ሐያት አላንኳኳችም። የቡናው አልጋ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲደርስ አየች። ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ሐፍሳ እሹሩሩ ስትለው ይሰማል፤ ዝም አላለም። የሐያት ጡት ልቅሶውን ሰምቶ ለቀቀ። ወተቱ ቀሚሷን አልፎ ጋቢው ላይ ወጣ። በእጇ ልትሸፍነው ሞከረች፣ አልሆነም።

ዙሌይካ ዘንበል ብላ አየቻት። «እማ፣ አንቺም ረጠብሽ።»

«አዎ። መያዝ አቃተኝ።»

«አክስት ትቆጣሻለች።»

መቀርቀሪያው ተነሳ። ሐፍሳ የሚያለቅሰውን ሕፃን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሐያት ከነቢላዋ፣ ደረቷ ርሶ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ልጅቷ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ግቢ፣ ልጁን አጥቢ» አለች ሐፍሳ።

«ገና አልቀዘቀዝንም» አለች ሐያት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ሐፍሳ የረጠበውን ጋቢ አየች። ቀጥላ ጀሪካኑን፣ ጀሪካኑ ላይ ያለችውን አየች። ልጅቷ ቀሚሷ ደረቅ ነው። ዓይኗን ከፍ አላደረገችም፤ የመጠበቅ ልምድ ያላት ሰው አቀማመጥ ነው።

«ግቡ» አለች ሐፍሳ። «ሁለታችሁም።»

ሕፃኑን ለሐያት አቀብላ ወደ ጓዳ ሄደች። ማታ ጀሪካኑን ከበረንዳው አንስታ አጠበችውና ሳሎኑ ውስጥ፣ በሩ ሥር አስቀመጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ ውስጥ ነው የምትቀዘቅዢው» አለቻት ዙሌይካን። «ወደ ሕፃኑ የምትሄጂው እኔ ስልሽ ነው። እንዳትነሺ።»

ዙሌይካ ከዚያ በኋላም ሁለት ቀን ምንጣፉ ላይ ሸንታለች። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሄዳ ራሷ ተመለሰች፤ እናቷን በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ።

አርባው ሲወጣ ሱሀይብ ሐፍሳን መናኸሪያ ሊያደርሳት ባጃጅ አቆመ። ሻንጣዋን አወጣ። ከዚያ ከሚስማሩ ላይ ትንሿን ቦርሳ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ።

«እሷን ተዋት» አለች ሐፍሳ። «ባዶ ናት። ልብሱን ትናንት ሳጥኑ ውስጥ መልሻለሁ።»

ባጃጁ ላይ ከወጣች በኋላ ሻርፗን መርሳቷ ትዝ አላት። ወርዳ ግቢውን አቋርጣ ገባች። ዙሌይካ ጀሪካኑ ላይ ነበረች፤ ከሽንት ቤት መምጣቷ ነው። ሐፍሳ በአጠገቧ ወደ መጋረጃው ልታልፍ ስትል ልጅቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ከፀሐይ ነው የመጣሽው» አለቻት።

ውጭ ሱሀይብ ጡሩምባ አስነፋ። አውቶቡሱ ሊያመልጥ ይችላል።

ዙሌይካ ጀሪካኑ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። ሐፍሳ ግማሽ ቂጧን አሳርፋ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ጎን ለጎን እስኪቀዘቅዙ ጠበቁ።